አንትዋን ዳባዲ፦ በጎጃም ሰማይ ሥር ከዋክብትን የለካ ምእመን



በጥር ወር ሰማዩ ጥርት ባለበት ማታ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከከዋክብት ሁሉ ይልቅ የሚደምቀውን ኮከብ ያያል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲሪየስ ይሉታል። ለዓይን አንድ ሆኖ ይታያል እንጂ በእውነቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይዞራሉ። ይህ ነገር አስቀድሞ የታወቀው በማየት ሳይሆን በመለካት ነው። እንዲህ ያለው ልኬት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለመረዳት ምሳሌውን ሁሉ ከባሕር ማዶ መፈለግ አያስፈልገንም። ከ180 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በጎጃም ምድር ሌሊት ከዋክብትን፣ ቀን ተራሮችን እየለካ የተዘዋወረ አንድ ካቶሊካዊ ምእመን ነበር። እርሱም አንትዋን ዳባዲ ነው። ስሙ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስና ከካርዲናል ማሳያ ስም ጋር ሲነሣ ይሰማል፤ የሙያውን ነገር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

አንትዋን በ1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በዱብሊን ተወለደ። አባቱ በፈረንሳይና በእስፓንያ ድንበር የሚኖረው የባስክ ሕዝብ ተወላጅ ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ታናሽ ወንድሙ አርኖም በዚያው በዱብሊን በ1815 ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ልጆቹ በዚያ ተማሩ። አንትዋን በፓሪስ የሳይንስ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን የመግነጢስ ኃይል እንዲለካ ወደ ብራዚል ላከው። ልቡ ግን ገና ከወጣትነቱ ጀምሮ ወደ አፍሪካ ያዘነበለ ነበር።

በ1838 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ወንድማማች ምጽዋ ደረሱ። አብረዋቸው አባ ዮሴፍ ሳፔቶ የተባሉ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ነበሩ። አባ ሳፔቶ በዓድዋ ተቀመጡ፤ ይህም ለቅድስት መንበር ከተነገረ በኋላ በ1839 አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ወደ አገራችን ተላኩ። እንግዲህ የአገራችን ምእመናን በታላቅ ፍቅር የሚዘክሩት ቅዱስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣበትን በር ካንኳኩት ሰዎች አንዱ ይህ የመሬት ለኪ ነበር። አንትዋን ራሱ ጎንደር ከደረሰ በኋላ የያዛቸው መሣሪያዎች ለአሳቡ የማይበቁ መሆናቸውን ተረድቶ የተሻሉትን ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። አርኖ ግን ወደ ጎጃም ወርዶ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወዳጅና ባለሟል ሆነ። በፈረስና በጦር የተካነ ሰው ስለ ነበረ በደጃዝማቹ ሰፈር የታወቀው ታናሽየው ነው፤ ታላቅየው በ1840 ሲመለስ የሚታወቀው በመጻሕፍቱና በመሣሪያው ሣጥን ነበር። በዚያ ጊዜ ዓይኑን ታሞ ብዙ ተሠቃየ። ከዋክብትን ለመመልከት ለተነሣ ሰው ከዚህ የከፋ ፈተና አይገኝም።

አሁን ደግሞ የሥራውን ዘዴ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንመልከት፤ የዚህ ሰው ሕይወት ያለ እርሱ አይገባንምና።

በአንድ ስፍራ ቆመን የሰሜኑ ዋልታ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ብንለካ ያ ቁጥር የቆምንበት ስፍራ ኬክሮስ ነው፤ ማለት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለን ርቀት በዲግሪ ይታወቃል። በቢቸና የሰሜኑ ዋልታ ከአድማስ 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። በሞጣ ደግሞ ከ11 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። የሁለቱ ልዩነት ከሙሉ ጨረቃ ስፋት በጥቂቱ ቢበልጥ ነው። ነገር ግን በምድር ላይ ሲቈጠር ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመለካቱ ላይ የተፈጸመች ጥቂት ስሕተት አንዱን ከተማ ከሌላው ቀበሌ ልትጥለው እንደምትችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሰሜን ኮከብ የሚባለውም ልክ በዋልታው ላይ ስላልሆነ ለኪው እርማቱን ማስላት አለበት፤ ወይም ሌሎች የታወቁ ከዋክብት በሰማይ መካከል ሲያልፉ ከፍታቸውን ይወስዳል። ለዚህ ደግሞ አስቀድመው ሌሎች ሰዎች በታላላቅ መመልከቻዎች የጻፏቸው የከዋክብት ሰሌዳዎች ያስፈልጉታል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የኬንትሮስ ነገር ከዚህ ይከብዳል። በዚያ ዘመን ተጓዦች ለዚህ የሚጠቀሙበት በጥንቃቄ የተሠራ ሰዓት በበቅሎ ጀርባ ላይ በገደልና በሸለቆ ሲንገላታ ይዛባል። ስለዚህ ዳባዲ ሌላ መንገድ መረጠ። ከአንድ ከፍታ ላይ ማዕዘን የሚለካበትን ቴዎዶላይት ያቆማል። ፀሐይን ወይም ኮከብን ለክቶ እውነተኛውን ሰሜን ያገኛል። ከዚያ በኋላ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ፣ ተራራውንም አምባውንም በዛፍ የተከበበውን ቤተ ክርስቲያንም፣ ከሰሜን ያለውን ማዕዘን እየለካ ይጽፋል። ለምሳሌ ያህል የጮቄን ተራራ አንድ ሰው ከቢቸና በኩል፣ ሌላው ከሞጣ በኩል ቢለካው፣ የሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ነጥብ የተራራው ትክክለኛ ስፍራ ነው፤ ጮቄን መውጣት እንኳ አያስፈልግም። እንዲህ እያለ ከምጽዋ አንሥቶ እስከ ከፋ ድረስ አንዱን ጫፍ ከሌላው ጋር በማዕዘን አያያዘው። የስፍራዎቹን ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት እየለካ አወቀ፤ ከፍ ባልን ቍጥር ውኃ በአነሰ ሙቀት ይፈላልና። ለዚህ ሁሉ ገንዘቡን ያወጣው ከራሱ ነው። እንደ አገሬው ለብሶ፣ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ ቋንቋውን ከሊቃውንት እየተማረ ሠራው።

በመሣሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ ሰማይ ሰማይ የሚመለከት ባዕድ ሰው በዚያ የጦርነት ዘመን በየአገሩ ምን ያህል ጥርጣሬ እንደሚያስነሣ መገመት አያዳግትም።

በ1843 ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ በኩል ወደ እናርያ ገባ። ንጉሡ አባ ባጊቦ በቤተ መንግሥቱ አቆየው። በኋላ ንጉሡ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሚስት ሊያመጣ አጃቢዎች ሲልክ ዳባዲ አብሮ ሄዶ ቦንጋን ለማየት በቃ። ከእርሱ በፊት ወደዚያ ገብቶ የጻፈ አውሮፓዊ ስላልነበረ ጉዞው በአውሮፓ ሲሰማ አድናቆትን አስከተለ፤ ጠላትንም አስከተለ።

በዚያው ዘመን በጎጃም ውስጥ፣ በባሶ ገበያ አጠገብ በየጁቤ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ተቀምጦ ነበር። እርሱም ከነጋዴዎች ስለ ደቡቡ አገር ብዙ የጠየቀና የራሱን ልኬት የሠራ የተማረ ሰው ነው። ቢክ በ1850 መጽሐፍ ጽፎ ዳባዲ ከፋ አልገባም፣ ያልሄደበትን አገር እንደ ሄደበት አድርጎ አወራ ሲል ከሰሰው። የፓሪስ የምድር ጥናት ማኅበርም ለዳባዲ ወንድማማች ሜዳልያ በመስጠቱ ተቆጥቶ ቀድሞ ከማኅበሩ የተቀበለውን የራሱን ሜዳልያ መለሰ። ለአንድ ተጓዥ ከዚህ የከበደ ክስ የለም። ምስክሮቹ በሩቅ አገር ናቸው፤ ማን ይጠይቃቸዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፈን አይገባንም። ዳባዲ በአንድ ታላቅ ጉዳይ በእርግጥ ተሳስቷል። በጥር 1846 ከወንድሙ ጋር በእናርያ አካባቢ የጊቤን ምንጭ ባገኘ ጊዜ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ አመነ፤ ለአውሮፓም እንዲሁ አስታወቀ። ዛሬ እንደምናውቀው ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ከነጭ ዓባይ ጋር አይገናኝም። ምንጩ ያለበትን ስፍራ ለክቶታል፤ ውኃው የሚሄድበትን ግን አልተከተለውም፤ በግምት ሞላው። ተቃዋሚዎቹ ይህን ስሕተት ይዘው ሌላውንም ሁሉ ሐሰት ነው ለማለት ተመቻቸው። በእኔ አስተያየት ቢክ በዓባይ ነገር መጠራጠሩ ትክክል ነበር፤ በከፋ ነገር ግን ሰውን ያለ በቂ ማስረጃ ውሸታም አደረገ።

የዳባዲ ዋና መልስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከ1860 እስከ 1873 ድረስ በየክፍሉ በታተመው ታላቅ የልኬት መጽሐፉ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን በየስፍራው የወሰዳቸውን ማዕዘኖችና የከዋክብት ከፍታዎች ራሳቸውን አወጣ። ስሌቱን ሮዶልፍ ራዶ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ አብሮት አደራጀ። እንዲህ በመደረጉ የሚጠራጠር ሰው ሁሉ ወረቀትና እርሳስ ይዞ እንደገና ማስላት ይችላል። ያልታየ ተራራ ከብዙ ስፍራ ተለክቶ መስመሮቹ በአንድ ነጥብ ሊገናኙ አይችሉምና፣ ቁጥሮቹ ራሳቸው ምስክር ሆኑለት። ከእርሱ በኋላ ወደ ደቡብ የወረዱ ተጓዦችም ካርታውን ይዘው ሄዱ።

ለቤተ ክርስቲያናችን ያደረገውም በዚሁ ጉዞ የመጣ ነው። ወንጌል ወደ ኦሮሞ ሕዝብ እንዲደርስ ለሮም በጻፈው ማሳሰቢያ ምክንያት ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 ለዚያ አገር ሐዋርያዊ ቪካርያት አቋቋሙ፤ የካፑቺን ማኅበር አባል ብፁዕ አቡነ ማሳያም ተሾሙበት። አቡነ ማሳያ ከብዙ መከራ በኋላ በ1852 ከጎጃም ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ ገቡ። ዳባዲ ከ9 ዓመት በፊት የተሻገረው ወደዚያው አገር ነበር።

በ1848 ዳባዲ ኢትዮጵያን ለቅቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት 234 ሲሆኑ ዝርዝራቸውን በ1859 አሳተመ፤ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 ወጣ። በ1851 ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ወደ እስፓንያ ሄዶ የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ፤ በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1882 ዕድሜው ከ70 ካለፈ በኋላ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመለካት ወደ ሐይቲ የተላከውን ጓድ መርቷል። ለባስክ ሕዝብ ቋንቋና ባህል ያደረገው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተው በአንዳይ ከተማ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያሠራው ግንብ ነው። ሥራው በ1864 ተጀምሮ በ1879 ተፈጸመ። በውስጡ ጸሎት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና የከዋክብት መመልከቻ አለበት። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ የግዕዝ ፊደልም ተጽፎበታል። በግንቡ ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር አለ፦ ክፍሎቹን አቋርጦ የሚያልፍ ቀዳዳ። በእርሱ በኩል ላሩን የሚባለውን ተራራ ጫፍ እየተመለከተ አየር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎብጥ ሊለካ አስቦ ነበር፤ ሳይሳካለት ቀረ። ዳባዲ ግን ቀዳዳውን አልደፈነውም። እንዲያውም ምንም እንዳልታየና ምንም እንዳልተማረ የሚናገር ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ አስቀረጸበት። በዓባይ ምንጭ ጉዳይ በአሳቡ ጸንቶ የተከራከረው ሰው በሸመገለ ጊዜ እንዲህ ማድረጉ እኔን እጅግ ያስደስተኛል።

በመመልከቻው ውስጥ የቆመው ቴሌስኮፕ ወደ ፈለገበት የሚዞር አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያልፍ አንድ መስመር ላይ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ተመልካቹ ኮከቡ በመስመሩ ላይ የሚያልፍበትን ቅጽበትና ከፍታውን ይመዘግባል፤ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የኮከቡ ስፍራ በሰማይ ላይ ይታወቃል። ዳባዲ ክበብን በ360 ሳይሆን በ400 መክፈል ለስሌት ይቀላል የሚል ጽኑ እምነት ስለ ነበረው መሣሪያውን በዚያ አስከፈለው።

አንድን ኮከብ በዚህ ዓመት ለክቶ ከብዙ ዓመት በኋላ መልሶ መለካት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ወደ ሲሪየስ እንመለስ። ዳባዲ ከከፋ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1844፣ በኮኒግስበርግ ከተማ ቤሰል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ከእርሱ በፊት የነበሩ ለኪዎች የመዘገቡትን የሲሪየስን ስፍራ ከራሱ ልኬት ጋር አስተያየ። ኮከቡ በሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ ይጓዛል። ውዝዋዜው እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፍሬ ከ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢታይ የሚኖረውን ያህል ነው። ቤሰል ግን ከዚህ ተነሥቶ ሲሪየስ የማይታይ ጓደኛ እንዳለው አስታወቀ። ጓደኛው በቴሌስኮፕ የታየው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1862 በአሜሪካ ነው።

ነገሩን ለሕፃናት ለማስረዳት የሚፈልግ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲሽከረከሩ ያድርግ። እኩዮች ከሆኑ መካከላቸው ባለ ነጥብ ላይ ይዞራሉ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ከሆነ ትልቁ በቅርብ ጥቂት ብቻ ይወዛወዛል፤ ትንሹ በሩቅ ሰፊ ክበብ ይዞራል። ትንሹን ልጅ ጨለማ ቢሰውረው እንኳ የትልቁን መወዛወዝ ያየ ሰው ሌላ እንዳለ ያውቃል። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀትና አንድ ዙር የሚፈጁበት ዓመት ከታወቀ የሁለቱ ክብደት ድምር በስሌት ይገኛል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ደግሞ ከክበባቸው ስፋት ይታወቃል። ኮከብን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ስለማይቻል የከዋክብትን ክብደት ከምናውቅባቸው መንገዶች ዋነኛው ይህ የጥንድ ከዋክብት ዙረት ነው። በዚህ መንገድ ሲሪየስ የፀሐያችንን ሁለት እጥፍ፣ ጓደኛው ደግሞ አንድ ፀሐይ ያህል እንደሚከብዱ ታውቋል። የሚደንቀው ጓደኛው በስፋቱ ከምድራችን ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው።

በዚህ ሙያ ካህናት ከጥንት አልተለዩም። ኢየሱሳዊው አባ ክርስቲያን ማየር በማንሃይም ከተማ በ18ኛው መቶ ዘመን የጥንድ ከዋክብትን ዝርዝር ቀድመው አውጥተዋል። በሮም ኮሌጅ አባ አንጀሎ ሴኪ ከሺህ የሚበልጡ ጥንዶችን ለክተው ከ1850ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሳትመዋል። ዳባዲም ግንቡንና ርስቱን ለሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ስፍራ ተለክቶ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ሥራውም በካህናት እጅ ሆነ። ለብዙ ዓመት የመሩት አባ አሎይስ ቬርሻፈል ነበሩ። እነዚህ ካህናት ቀን ቅዳሴያቸውን፣ ሌሊት ኮከባቸውን ሲጠብቁ ኖሩ። ከባሕሩ የሚነሣው ደመናና ጉም ብዙ ሌሊት ከለከላቸው። ቢሆንም የመዘገቡት ቁጥር፣ የሚቀጥለው ትውልድ የከዋክብትን ጉዞ ሲያስተያይ መነሻ የሚሆነው ዓይነት ነው። መመልከቻው እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሠርቷል፤ አሁን ለጐብኚዎች ክፍት ነው።

አንትዋን ዳባዲ በ1897 መጋቢት 19 ቀን፣ በላቲን ሥርዓት የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ዕለት፣ በፓሪስ ዐረፈ። የተቀበረው በዚያው በአንዳይ ግንብ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው።

ከመቃብሩ በላይ ካለው ማማ ፈጽሞ የማይታይ አንድ ታላቅ ጥንድ ኮከብ አለ፤ እርሱም አልፋ ሴንታውሪ ነው። ለአውሮፓ ሰሜን ከአድማስ በታች ስለሚቀር አይወጣም። ሁለት መሆኑን በ1689 ያዩት ኢየሱሳዊው አባ ሪሾ ሲሆኑ የቆሙትም በሕንድ አገር በፖንዲሼሪ ነበር፤ ኬክሮሱ 12 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ከሞጣ ብዙ አይለይም። ዳባዲ በጎጃም ሳለ በየዓመቱ በፊቱ ይወጣ ነበር። ዛሬም በግንቦት ወር መሸት ሲል ከቢቸና ወደ ደቡብ ቢመለከቱ ከአድማስ 18 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ለባዶ ዓይን አንድ ሆኖ፣ ሁለቱ ግን በ80 ዓመት አንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው እየዞሩ።